የትክል ድንጋይ አቋራጭ

እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ይህን ገና ከመነሻው የምነግራችሁ ልኮራበት ብዬ አይደለም። ኋላ ከሌላ ሰው ብትሰሙት የባሰ ያሳፍረኛል ብዬ ነው። የጎንደር ወሬ እንደሆነ ቁልቁለት አይጠብቅም፤ ዳገቱንም ሮጦ ነው የሚወጣው።

ነገሩ የተጀመረው በሻይ ሰዓት ነው። በዕድሜዬ ከሠራኋቸው ስሕተቶች አብዛኞቹ የተሠሩት በሻይ ሰዓት ነው፤ ሻዩ ሲሞቅ ምላሴም አብሮ ይሞቃል። ጊዜው መንገዱ ሁሉ ክፍት የነበረበት፣ ሰው እንደልቡ የሚወጣ የሚገባበት ሰሞን ነበር። የስፖርት መምህርታችን ሰናይት ከመቀመጫዋ ተነሣችና በሴሚስተሩ ዕረፍት ከመምህራን ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ በብስክሌት ከጎንደር ደባርቅ እንደሚሄድ ነገረችን። መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እስከዚያ በየቅዳሜው ልምምድ አለ፤ እያደር እየረዘመ የሚሄድ።

"የልምምዱን መንገድ የሚያወጣልን ሰው ያስፈልገናል" አለችና ወደ ታከለ ዞረች።

ታከለ ሒሳብ ነው የሚያስተምረው። ሒሳብ! እኔ እዚያው ቁጭ ብዬ፣ ከራስጌዬ የኢትዮጵያ ካርታ ተሰቅሎ፣ መንገድ የሚያወጣው ሒሳብ!

"ይህ የኔ ሙያ ነው" አልሁ፣ በአፌ የያዝሁትን ብስኩት ሳልውጥ።

"መምህር፣ ብስክሌት ይነዳሉ እንዴ?" አለች ሰናይት። በዚያን ጊዜ ገና "አንቱ" ነበር የምትለኝ።

"ድሮ እንዴት አድርጌ!" አልኋት። እውነቴን ነው። ድሮ ነድቻለሁ፤ እንዴት አድርጌ እንደሆነ ግን ረስቼዋለሁ።

ከዚያ በፊት ስንት ፈቃደኛ እንደነበረ አላውቅም፤ መንገድ አውጪው እኔ መሆኔ ከታወቀ በኋላ የቀረነው ሰናይት፣ ታከለና እኔ ነን።

ብስክሌት አልነበረኝም። የባለቤቴ የአስካለ ወንድም ለሥራ ሐዋሳ ሲሄድ ብስክሌቱን አባቱ ቤት ትቶት ነበር። አባቱ፣ ማለትም አማቴ፣ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ተማሪዎቻቸውም ጎረቤቱም እኔም "የኔታ" ነው የምንላቸው። ብስክሌቱን እንደ ታመመ ሰው በአሮጌ ጋቢ ጠቅልለው ከአልጋቸው አጠገብ አስደግፈውት ነበር። ልጃቸው ሲናፍቃቸው ደወሏን ነካ እንደሚያደርጓት አስካለ ነግራኛለች። ጋቢውን ገልጠው ሲሰጡኝ "እንደወሰድኸው መልሰው" አሉኝ። ሌላ ቃል አልተናገሩም። የቅኔ መምህር አጭር ሲናገር ያስፈራል።

የመጀመሪያው ዕቅዴ ማክሰኝት ነበር። ከጎንደር አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አስፋልት ነው፤ ቆንጆ ነው። እውነትም ስንወጣ ብስክሌቱ ራሱ ነው የሚሄደው። እግሬን ፔዳሉ ላይ ያስቀመጥሁት ለይሉኝታ ነው። ነፋሱ ሸሚዜን እንደ ድንኳን ነፍቶት "አያችሁ ዕቅድ ማለት!" እያልሁ ስጮህ፣ ታከለ አጠገቤ መጣና "ይህ ሁሉ ቁልቁለት ስንመለስ የት ይገባል?" አለኝ።

ሒሳብ የሰውን ልብ እንዴት እንደሚያጨልም ያን ዕለት ገባኝ።

ስንመለስ ቁልቁለቱ የትም አልገባም ነበር፤ እዚያው ዳገት ሆኖ ጠበቀን። ጠዳ ሳንደርስ እኔ ወረድሁ። ታከለም እኔን ለማስተዛዘን ነው ብሎ ወረደ። ሰናይት "አይዟችሁ" ብላን ቀጠለች። ከማክሰኝት ገበያ በጎች የጫነ አይሱዙ ለምነን አስቆምን። ረዳቱ፣ ጢሙን ያንዠረገገ ትልቅ ሰው፣ እኛንና ብስክሌቶቹን ተራ በተራ አየና "የታመመው ብስክሌቱ ነው እናንተ?" አለ።

"ዕቅዱ ነው" አለ ታከለ።

ከበጎቹ መካከል ተጫንን። አዘዞ አካባቢ ሰናይትን ደረስንባት፤ ቀና ብላ እጇን አወዛወዘችልን። ታከለ አጸፋውን መለሰ። እኔ በጎቹ መካከል ጎንበስ አልሁ። ጎንበስ ስል ስልኬ ከደረት ኪሴ ወደቀ፤ አንድ ሙክት ደግሞ ክብደቱን ሙሉ ጥሎ ቆመበት። አነሣሁት፤ በርቷል፤ ይሠራል። ተመስገን ብዬ ሳላገላብጥ ኪሴ ከተትሁት።

ማክሰኝት ያስተማረችኝ ነገር አለ። መጀመሪያ ዳገቱን መውጣት፣ ከዚያ በቁልቁለት ቤት መግባት! ይህን ሕግ በራሴ ያገኘሁት ስለመሰለኝ ሌሊቱን ሙሉ ኮርቼ አደርሁ። በማግስቱ ካርታውን በስልኬ ከፍቼ ወደ ሰሜን ስፈልግ ምን አየሁ? ከኮሶዬ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ቀጥ ብሎ ትክል ድንጋይ የሚወርድ ቀጭን መንገድ! ከጎንደር ኮሶዬ መውጣት፣ በአቋራጩ ትክል ድንጋይ መውረድ፣ ከዚያ ወደ ጎንደር መመለስ፤ ሦስት ማዕዘን ያለው፣ የሚያምር ዙሪያ። ይህን መንገድ ከማክሰኝት በፊት አይቼው አላውቅም። አዲስ የተሠራ መሆን አለበት ብዬ መንግሥትን በልቤ አመሰገንሁ።

መንገዱ አንድ ዐመል ነበረችው። ካርታውን ባሰፋሁ ቁጥር ቦታ ትቀይራለች። አንዴ ትክል ድንጋይን ትነካዋለች፣ አንዴ አልፋው ትሄዳለች። "ኔትወርኩ ነው" አልሁ። በአገራችን ኔትወርክ ያልተሸከመው ኃጢአት የለም።

ዓርብ ማታ ራት ላይ ለየኔታ ነገርኋቸው። ጉርሻቸውን አቁመው አዩኝ።

"ከኮሶዬ ትክል ድንጋይ? በየት በኩል?"

"በአቋራጭ ነዋ።"

"ልጄ፣ እኔ በቆሎ ተማሪነቴ ያን አገር በእግሬ አካልዬዋለሁ። እያንዳንዱን ውሻ አውቀዋለሁ። እዚያ ገደል እንጂ መንገድ የለም።"

"የኔታ፣ ያኔ አልነበረም ይሆናል። ይህን የሚያየው ሳተላይት ነው፤ ከላይ ሆኖ።"

"ከላይማ እኔም አይቼዋለሁ" አሉ። "ከላይ ሲያዩት ሁሉም ሸጋ ነው። ወርዶበታል ወይ?"

"ማን?"

"ይኸ የምትለው።"

አስካለ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ ደግሞ የተማረ ሰው ሲሸነፍ የሚያደርገውን አደረግሁ፤ ወሬ ቀየርሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ተነሣን። ወለቃ ከከተማ ብዙም አይርቅም፤ የሸክላ ሥራ በመንገድ ዳር የሚሸጥባት ሰፈር ናት። እኔ ግን ዳገቷን ስጨርስ ትንፋሼ ከኔ ቀድሞ ወጥቶ የጠፋ መሰለኝ። አንዲት ሸክላ ሻጭ አየችኝና ከምትቀመጥበት ዱካ ተነሥታ ሰጠችኝ።

"አረፍ በል ወንድሜ። ከየት ነው የመጣህ?"

"ከጎንደር።"

ወደ ከተማው አየች፤ ቤቱ ሁሉ ፊት ለፊታችን ይታያል። "እኔስ ከሱዳን የመጣህ መስሎኝ!" አለች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዳገት አልተርክላችሁም። ከፊሉን ነዳሁት፤ ከፊሉን ብስክሌቱን እየገፋሁ ወጣሁት፤ ከፊሉን ደግሞ ብስክሌቱ እኔን የገፋኝ ይመስለኛል። ሰናይት ወደፊት ትሄድና ተመልሳ ትመጣለች፤ በዚህ ዓይነት ኮሶዬን ሁለት ጊዜ ሳትወጣው አልቀረችም። ኮሶዬ ስንደርስ ስልኬን አውጥቼ "በዚህ በኩል!" ብዬ ከአስፋልቱ ወደ ግራ አስገባኋቸው።

መጀመሪያ ኮረኮንች ነበር። ከዚያ የጋሪ መንገድ ሆነ። ከዚያ የእግር መንገድ። ከዚያ የበግ መንገድ። "እየጠበበ ነው መምህር" አለች ሰናይት። "አቋራጭ ጠባብ ነው" አልኋት፤ አነጋገሬ የቅዱሳት መጻሕፍት መሰለኝና ደስ አለኝ። በመጨረሻ የበጉ መንገድም አንድ አውድማ ላይ አለቀ። በሬዎች ገብስ እያበራዩ ይዞራሉ። ከአውድማው ማዶ ሰማይ ነው። መሬት የለም፤ ሰማይ ብቻ።

የአውድማው ባለቤት አያ ጫቅሉ ይባላሉ፤ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ እንጉዳይ ጋር ነበሩ። አያ ጫቅሉ ጅራፋቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ቀረቡን። ወይዘሮ እንጉዳይ ግን ዓይናቸው ሄልሜቴ ላይ ተተክሎ ቀረ።

"ምነው ልጄ፣ ጭንቅላትህን ምን አገኘው?"

"ብወድቅ እንዳልጎዳ ነው፣ እናቴ።"

"አርፈህ ብትቀመጥ መቼ ትወድቃለህ?" አሉ።

አያ ጫቅሉን የትክል ድንጋይን መንገድ ጠየቅኋቸው። ወደ ሰማዩ ጫፍ ወሰዱኝና በጅራፋቸው ቁልቁል አመለከቱኝ። በጣም ታች፣ እንደ ተበተነ ጤፍ የደቀቀ ቆርቆሮ ያብረቀርቃል።

"ያውልህ ትክል ድንጋይ።"

"መንገዱስ?"

"ለማን? ለአሞራ?"

"አለ እኮ! ይኸው!" ብዬ ስልኬን አሳየኋቸው። አያ ጫቅሉ እጃቸውን በሱሪያቸው ጠርገው ስልኩን ተቀበሉ። ወደ ፀሐይ አዘንብለው አዩት። ከዚያ በጥፍራቸው "መንገዱን" ከኮሶዬ እስከ ትክል ድንጋይ ቀስ ብለው ፋቁት። ጭርር አለ።

"ልጄ" አሉኝ፣ በሐዘን ነው የተናገሩት፣ "ይኸማ መስታወትህ ተሰንጥቆ ነው።"

ሰናይት ስልኩን ከእጃቸው ወሰደች። ካርታውን በጣቷ ገፋችው። ኮሶዬ ሄደ፤ ትክል ድንጋይ ሄደ፤ ጎንደርም ሄደ። መንገዱ ግን ካለበት ንቅንቅ አላለም። ሙክቱ የቆመበት ቦታ ነበር።

ታከለ ገብሱ ላይ ተቀመጠ። መጀመሪያ ያለቀሰ መስሎኝ ነበር፤ ሲስቅ ነው። ሰናይት ግን አልሳቀችም። ረጅም ጊዜ አየችኝና "አንተ ሰው!" አለችኝ። "አንቱ" የቀረው ያን ጊዜ ነው፤ እስከ ዛሬም አልተመለሰም።

ውርደቱ እዚህ ቢያበቃ ወደ ቤቴ ገብቼ ዝም እል ነበር። ግን እኛ በስልኩ ስንነታረክ ብስክሌቱን ከገብሱ ክምር ጋር አስደግፌው ኖሯል። አንዱ በሬ ዞሮ ሲመጣ ዝንብ ለማባረር ጎኑን አሸት አደረገበት። ብስክሌቱ ከክምሩ ተላቀቀ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀጥ ብሎ ሲሄድ አይቼው አላውቅም። ከኔ ጋር ይወላገድ የነበረው ሁሉ ለካ የኔ ነበር! ደወሏን እያንቃጨለ አውድማውን አቋረጠ፣ ሣሩን አቋረጠ፣ ጫፉን አለፈ፤ ጠፋ።

"መንገዱን የተከተለልህ እሱ ብቻ ነው" አለ ታከለ።

እኔ ግን በዚያች ቅጽበት የታየኝ ታከለም ሰናይትም አይደሉም። ጋቢው ነው። የኔታ ጋቢውን ሲገልጡት፣ እጃቸው ብስክሌቱ ላይ ትንሽ ቆየት ሲል።

በሆዳችን ተኝተን ወደ ታች አየን። ብስክሌቱ ሁለት የሰው ቁመት ያህል ዝቅ ብሎ፣ ከገደሉ ወጣ ባለች አንዲት መደብ መሳይ ቦታ ላይ፣ የቀጋ ቁጥቋጦ ይዞታል። ከሥሩ ምንም የለም። አያ ጫቅሉ "እኔ እወርዳለሁ፤ መጫኛ አምጡ" አሉ። መጫኛ የአህያ ጭነት የሚታሰርበት ጠፍር ነው። ወይዘሮ እንጉዳይ ጠፍሩን አመጡ፤ ግን ለባላቸው አልሰጡም።

"አንተ ጉልበትህ ለመስገድ እንኳ እሺ አይልህ! ያመጣው ሰው ይውረድ።"

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። በሬዎቹም ቆመው ነበር።

ወገቤን አሰሩኝ። አያ ጫቅሉ፣ ሰናይት፣ ታከለና ወይዘሮ እንጉዳይ ጠፍሩን ይዘው ለቀቅ ለቀቅ እያደረጉ አወረዱኝ። ድንጋዩን ፊት ለፊት አይ ነበር፤ በስሕተት አንድ ጊዜ ወደ ታች አየሁ። አንድ አሞራ በዝግታ ይዞራል። ጀርባውን አየሁት። የአሞራን ጀርባ ከላይ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ሰው ሊያየው የሚገባ ነገርም አይመስለኝም። "ጊዮርጊስ፣ ሻማ አገባለሁ" አልሁ። ጠፍሩ ትንሽ ሸርተት ሲል ሻማውን ወደ ጥላ ከፍ አደረግሁት። እግሬ መደቧን ሲነካ ወርቅ ዘቦ ጥላ ደርሼ ነበር።

ብስክሌቱን ከቀጋው አላቀቅሁት፤ እሾሁ ለእኔ ቀረ። ታዲያ ችግሩ መጫኛው አንድ ነው። ወይ እኔ ልውጣ፣ ወይ እሱ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ አላመነታሁም። ጠፍሩን ከወገቤ ፈትቼ ብስክሌቱ ላይ አሰርሁት። ጀግንነት አይደለም፤ ከገደሉ ይልቅ የኔታን ስለፈራሁ ነው። "ሳቡት!" ብዬ ጮኽሁ። ብስክሌቱ እየተወዛወዘ ወደ ሰማይ ወጣ። እኔ አንድ እጄን በስንጥቅ ከትቼ፣ በአንዱ እጄ ቀጋውን አቅፌ ቀረሁ።

ከላይ ድምፅ ይሰማኛል።

"የኋላ ጎማው ተጣሟል" ታከለ።

"ፍሬኑ ደኅና ነው። ሰንሰለቱን እስቲ አዙረው" ሰናይት።

"ይኸ ምንድነው? ኧረ ሸጋ ነገር ነው!" አያ ጫቅሉ። ደወሏ ጭልል አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ጭልል አለች። ከዚያ ሌላ ሰው ተቀበላቸው መሰለኝ፣ ጭልልልል።

"ሰውየውስ?" አሉ ወይዘሮ እንጉዳይ።

ዝም አሉ። እንደረሱኝ የገባኝ በዝምታው ነው። ኋላ "ረስተን አይደለም፣ ጠፍሩን ስንፈታ ነው" ብለው ሁሉም ምለዋል፤ ታከለ ግን ሲምል ፊቱን አዞረ።

ጠፍሩን መልሰው ጣሉልኝና አወጡኝ። ሰናይት እሾሁን ከእጄ አንድ በአንድ ነቀለችልኝ። ቁጣዋ ግን እንዳለ ነው። ወይዘሮ እንጉዳይ ቂጣና ጠላ አቀረቡልን። አያ ጫቅሉ የጂኦግራፊ መምህር መሆኔን ሲሰሙ "እና አሁን ደመወዝ የሚከፍሉህ ይህን አገር ለልጆች ልታሳይ ነው?" አሉኝ። አዎን አልሁ። ጠላቸውን በዝግታ ጠጡና "እግዜር ይርዳቸው" አሉ፣ ለልጆቹ።

ሰናይትና ታከለ በቁልቁለቱ እየበረሩ ወደ ጎንደር ወረዱ። የተጣመመ ጎማ ስለማይዞር እኔና ብስክሌቱ በሚኒባስ ነው የገባነው፤ እሱ ከላይ፣ እኔ ከውስጥ። በመንገዳችን ሁሉ ለየኔታ የምነግራቸውን እያወጣሁ እያወረድሁ ነበር። በሬው ብል በሬው አይናገርም፤ ሆኖም ውሸቱ እየረዘመ ሲሄድ እሱም ዳገት ሆነብኝ።

የኔታ ደጃፍ ላይ ቆመዋል። እሳቸው በዚያ ሰዓት ከወንበራቸው ተነሥተው አያውቁም። ብስክሌቱን ከትከሻዬ አውርጄ "የኔታ፣ ገደል ነው" አልሁ። ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፍቶ የወጣው ይኸው ብቻ ነው።

ጎማውን አዩት። የተቧጨረ እጄን አዩት። ፊታቸው ላይ ምንም አላነበብሁም።

"ጎሚስታው ሰኞ ይከፍታል" አሉና ገቡ።

አስካለ ውስጥ ስንገባ በጆሮዬ "ከቀትር ጀምሮ ተማሪዎቹን ቅኔውን አስትተው ስላንተ ሲያስጸልዩ ነበር" አለችኝ።

"ስለኔ ነው ስለ ብስክሌቱ?"

"ከደፈርህ ጠይቃቸው" አለችኝ። አልደፈርሁም።

ከዚያ በኋላ ያሉትን የልምምድ መንገዶች ያወጣው ታከለ ነው። በወረቀት ላይ፣ በእርሳስ፣ ስንት ሜትር እንደምንወጣና ስንት እንደምንወርድ ጽፎ። ለመመስከር ያህል፣ ጥሩ ነበሩ፤ እንደ ሒሳብ ሁሉ ትክክልና አሰልቺ። የኔታም አንድ ቀን ወረቀቱን ተቀብለው ውሾቹን በየቦታቸው ጨመሩበት። እኔ ምንም ሳልናገር ከኋላ ከኋላ ነዳሁ። ዳገት ባየሁ ቁጥር ከብስክሌቱ የምወርደው ቀረና በየሳምንቱ ትንሽ እየቆየሁ መውረድ ጀመርሁ።

ደባርቅ የሄድን ዕለት ሰናይት ከቀትር በፊት ገባች፤ ታከለ ከሷ በኋላ። እኔ ዳባት ላይ ሁለት ጊዜ ተኝቻለሁ፤ አንዱን ሣር ላይ፣ አንዱን ብስክሌቱ ላይ። ግን መኪና ላይ አልተጫንሁም፤ ያለፈኝ አይሱዙ ሁሉ ረዳቱ አንገቱን አውጥቶ "ልጫንህ?" ሲለኝ እጄን እያወዛወዝሁ አሳለፍሁት። ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል የደባርቅን የመጀመሪያ ቤቶች አየሁ። ከተማው መግቢያ ላይ ሰናይትና ታከለ ቆመው ያጨበጭባሉ። ብስክሌቱን ይዤ ቆምሁ፤ እግሬ አሁንም የሚዞር እየመሰለኝ ለአስካለ ደወልሁ።

"ደረስሁ!" አልኋት።

"የት?"

"ደባርቅ ነዋ!"

የጎረቤት ሰው ድምፅ፣ የየኔታም ሳል ከጀርባዋ ይሰማኛል፤ ተሰብስበው ይጠብቁ ኖሯል።

"እርግጠኛ ነህ?"

"አስካለ! መቶ ኪሎ ሜትር ነድቼ..."

"እስቲ ሰናይትን አቅርብልኝ።"

ስልኩን ለሰናይት ሰጠኋት። ሰናይት ጉሮሮዋን አጥርታ፣ ፍርድ ቤት እንደቆመ ምስክር ቀጥ ብላ "አዎ እትዬ፣ ደባርቅ ነው። በራሱ እግር ነው የገባው። እኔ አይቻለሁ" አለች።

ያኔ ነው እልልታው ከስልኩ ውስጥ የወጣው። ሰናይት ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችው፤ በመንገድ የሚያልፉ ሰዎች ቆም ብለው ሙሽራውን ፈለጉ።